የእሑድ ዜሮዎች

ከሐይቁ ዳር የቀረው ቤት አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቤተሰቦች ቆርቆሯቸውንና በራቸውን ነቅለው ዳገቱን ከወጡ አስራ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ቦሱምትዌ ዙሪያውን በኮረብታ እንደ ገበቴ የታጠረ ሐይቅ ነው፤ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። የሚያገኘው ከሰማይ ነው፤ የሚያጣውም ለሰማይ ነው። ዝናብ ሲበረታ ዳሩን እየዋጠ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይሸሻል። ሰው ለአክብሮት ናና የሚላቸው ኳቤና ቦአዱ በልጅነታቸው ሲወጣ አይተውታል፤ በጉልምስናቸው ሲሸሽ አይተውታል፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ደግሞ እንደገና እየወጣ ወደ ደጃፋቸው ይመጣ ነበር።

ቤታቸውን ያልለቀቁት በጓሯቸው ስለተተከለው የዝናብ መለኪያ ብለው ነው። መለኪያው ከመዳብ የተሠራ፣ አፉ ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ሲሆን ውስጡ አንገተ ቀጭን ጠርሙስ አለው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከዋና ከተማው የመጡ ሁለት ሰዎች ተከሉትና ለቦአዱ አደራ ሰጧቸው። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጠርሙሱን እያወጡ በመለኪያ ብርጭቆ እንዲለኩ፣ በየወሩ ቅጽ ሞልተው እንዲልኩ፣ ከቅጹ አንድም ሣጥን ባዶ እንዳይተዉ ነገሯቸው። ሊሄዱ ሲሉ አንደኛው ዞር ብሎ፣ "ከዚህ ቦታ እንዳይነቀል፤ ከተነቀለ የድሮው ቁጥርና የአዲሱ አይተዋወቁም" አላቸው።

ቦአዱ ትምህርታቸው ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት ከመጽሐፍ ቅዱስና እጃቸው ከገባ አሮጌ መጽሐፍ ነው። አደራው ሲሰጣቸው ደስ አላቸው። እግዚአብሔር ከሰማይ የሚያወርደውን የሚቆጥርለት ሰው ቢፈልግ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር እርሳቸውን አገኘ ማለት ነው። ይህንን ለማንም አልተናገሩም፤ ለሚስታቸው ለኮናዱ ብቻ ነገሯት።

ኮናዱ መለኪያውን "ጣውንቴ" ትለው ነበር።

መንደሩ ወደ ላይ ሲሄድ የኮናዱ ጉልበት ታሞ ነበር። ጸሎት ቤቱም ክሊኒኩም ላይኛው መንደር ሆኑ። እርሷ ከእህቷ ግቢ አንድ ክፍል ይዛ ወጣች፤ ቦአዱ ታች ቀሩ። ማታ ማታ ዳገቱን ወጥተው አብረው ፉፉ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። "ሂድ በል፣ ጣውንቴን አታስቀይማት" ትላቸው ነበር እየሳቀች። ሳቋ እያደር ቀነሰ። እርሳቸውም ይህን አይተዋል፤ ግን አደራ ነውና ምን ያድርጉ? "አንድ ዓመት ብቻ" ሲሉ ስምንት ዓመት ሆነ። በአንድ ማክሰኞ ጠዋት አስራ አራት ነጥብ ሁለት ብለው ጽፈው፣ እንደ ልማዳቸው አንድ አሣ በቅጠል ጠቅልለው ሲወጡ፣ ሴቶች ከኮናዱ በር ላይ ቆመው አገኟቸው። ኮናዱ ሌሊት ለብቻዋ አርፋ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው።

ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው እሑድና ታኖ ብቻ ነበሩ። ታኖ እኩያቸው ነው፤ አሣ አጥማጅና የሐይቁን ሥርዓት ከሚያስጠብቁ ሽማግሌዎች አንዱ። በዚህ ሐይቅ ላይ ብረት ውሃውን አይነካም፤ ከነካ ለሐይቁ መንፈስ በግ ይታረዳል። ታንኳም አይገባበትም። ሰው በሳንቃ ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ነው የሚያጠምደው። ዛሬ ሞተር ጀልባ ያስገቡ መንደሮች አሉ፤ ያ የእነርሱ ጉዳይ ነው። ታኖ ጠዋት ጠዋት ሳንቃውን እየገፋ በቦአዱ ጓሮ በኩል ያልፋል።

"ስድስት እርምጃ" አለ አንድ ቀን፣ ከውሃው ጠርዝ እስከ መለኪያው በእግሩ ለክቶ።

"ትናንት ሰባት ብለህ ነበር።"

"ትናንት ሰባት ነበራ። ስማኝ ቦአዱ፣ ውሃው ይህን መዳብህን የነካው ቀን በጉ የሚታረደው ካንተ ነው። ወዳጄ ነው ብዬ አላልፍህም።"

"በግ የለኝም።"

"ትገዛለሃ። ለብቻህ የምትኖር ሰው ምን ወጪ አለብህ?" ብሎ ሳንቃውን ውሃው ላይ ጣለና ተኛበት። ከዳር ርቆ ከውሃው ወደቆመው ደረቅ ግንድ እየቀዘፈ ሄደ። ከሐይቁ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ብዙ የሞቱ ግንዶች ቆመዋል። ማን እንደተከላቸው የሚያስታውስ የለም።

በዚያው ሳምንት ከኩማሲ ከተማ ስልክ ተደወለላቸው። ደዋይዋ ዶክተር አፊያ ንያርኮ ነኝ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአየር ንብረት ታጠናለች። ድምጿ ትሑት ነበር። "ናና፣ የእርስዎን የሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ እየተጠቀምንበት ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹ ውስጥ አንድ የሚያጠራጥር ነገር አግኝተናል። ከመጣላችን በፊት መጥቼ ላነጋግርዎት ብዬ ነው። ሐሙስ ልምጣ?"

"ነይ" አሉ።

ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ነው ቃሉ የገባቸው። ከመጣላችን በፊት። መዝገቡ ሊጣል ነው። እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነበራቸው፤ በሦስቱም ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። ያን ቆርቆሮ ብለው መንደር ሁሉ ሲወጣ ታች ቀርተዋል። ሚስታቸውን ለብቻዋ አስተኝተዋታል። ቁጥሩ የማይረባ ከሆነ፣ አስራ አራቱ ዓመት ምን ነበር? ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንዱንም ደብተሮች ከሣጥን አውጥተው አልጋው ላይ ደረደሩ። የተሳሳቱትን ፈልገው አላገኙም። አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን ደብተሩን ሳይጨርሱ ከደኑት። ተንበርክከው ለመጸለይ ሞከሩ፤ ከአፋቸው የወጣው "አንተ ታውቃለህ" የሚል ብቻ ነበር።

ዶክተሯ ስትመጣ ከጠበቋት ያነሰች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጫማዋ ጭቃ የጠጣ ሴት ሆና አገኟት። ኮረብታው ላይ መኪናዋን ትታ በእግሯ ወርዳለች። ቦአዱ ውሃ አቀረቡላት፤ እንደ ደንቡ ከጠጣች በኋላ የመጣችበትን ጠየቋት። እርሷ ግን ስለ ጥርጣሬው ከማንሳቷ በፊት ወደ ሐይቁ አመለከተች።

"እነዚያን ግንዶች አይተዋቸዋል?"

"ስወለድም ነበሩ።"

"የቆሙት በበቀሉበት ነው። ያ ቦታ ደረቅ መሬት የነበረበት ዘመን ነበር፤ ደን በቅሎበታል። በሰው አንድ ዕድሜ ሳይሆን፣ መቶ ዓመታት የቆየ ድርቅ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰና ሐይቁ ደኑን ቁሞ እንዳለ ዋጠው።"

ቦአዱ ግንዶቹን እንደ አዲስ አዩ። የውሃውን ቁጣ የሚናገሩ ተረቶችን ሰምተው ነበር እንጂ፣ ውሃው ያንን ያህል ዘመን ሸሽቶ እንደነበር ማንም አልነገራቸውም።

"በምን አወቃችሁ?"

"ከሐይቁ ሥር ጭቃ አውጥተን። ጭቃው እንደ ደብተር ገጽ ተነባብሯል፤ አንዱ መስመር ደማቅ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት እያሉ ወደ ታች መቁጠር ነው። እንደ እርስዎ ያለ ጸሐፊ ነው ሐይቁ፤ ግን የእርሱ ጽሑፍ የሚነበበው ቋንቋው ሲፈታ ነው።"

"ዝናቡ ለምን ሄደ? ለምንስ ተመለሰ?" አሉ። ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ የኖሩት እግዚአብሔርን ነበር። ሰው ጠይቀው አያውቁም።

ዶክተሯ ከመሬት ቀጭን እንጨት አንስታ ጭቃው ላይ ተከለችና በጣቶቿ አሽከረከረችው። "እንዝርት ሲዞር አናቱ ወዲያና ወዲህ እንደሚል፣ ምድርም እንደዚያ ነች። በጣም ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ አንዱ ዙር ሃያ ሺህ ዓመት ያልፋል። በአንዱ ዘመን የሰሜኑ በጋ ፀሐይ ይበረታል፤ ያን ጊዜ ዝናባችን ከደቡብ ባሕር ተነስቶ እስከ ሰሐራ ይደርሳል። ሰሐራ ሣርና ሐይቅ ነበረበት። ፀሐዩ ሲላላ ዝናቡ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ይህ ረጅሙ ነው። አጭሩ ደግሞ የባሕሩ ሙቀት ነው፤ ውቅያኖሱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ዝናቡን ይስበዋል፣ ይገፋዋል። እርስዎ በጎልማሳነትዎ ሐይቁ ሲሸሽ ያዩት ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለናል።"

"አሁንስ የሚወጣው?"

"እሱን ነው የማላውቀው። አሁን ሦስተኛ ነገር ተጨምሯል፤ ሰው የሚለቀው ጭስ ምድርን እያሞቃት ነው። በላዩ ላይ የኮረብታው ደን ተመንጥሮ የካካዎ እርሻ ሆኗል፤ ጎርፉ ቶሎ ይወርዳል። ሐይቁ የሚወጣው ዝናቡ ስለጨመረ ነው ወይስ ዝናቡ ያው ሆኖ ጎርፉ ስለበዛ? ይህን ካላወቅሁ ላይኛው መንደር አዲሱን ትምህርት ቤት የት ይሥራ ብለው ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ? በዚህ ሁሉ ዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ዝናብ የለካ አንድ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ።"

ከዚያ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ድምጿ ዝቅ አለ።

"ናና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ እሑድ ዝናብ አይዘንብም?"

ቦአዱ ፈገግ አሉ። "ይዘንባል እንጂ። ያለፈው እሑድ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ሲደበድብ ሰባኪው አቅቶት ስብከቱን አቋርጦ ተቀመጠ።"

"በመዝገብዎ ላይ ግን አንድም እሑድ አልዘነበም። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ የሚበልጥ እሑድ፣ ሁሉም ዜሮ።" ከዚያም ጨመረች፦ "ባልደረቦቼ ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሞላው ይላሉ።"

ቦአዱ ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺስ?"

"እኔ ልጠይቅ መጣሁ።"

"እሑድ አልለካም" አሉ። "እሑድ የሐይቁ ዕረፍት ነው፤ ማንም ሳንቃ አያወርድም፣ ማንም ዕቃ ይዞ ወደ ዳር አይመጣም። ይህ ጓሮ የዳሩ መሬት ነው። ለእኔ ደግሞ ሰንበት ነው። የሐይቁ ሽማግሌዎችና ሰባኪው በምንም አይስማሙም፤ በእሑድ ግን ይስማማሉ። ታዲያ እንዴት ጠርሙስ ይዤ እወርዳለሁ?"

"ለምን ዜሮ ጻፉ?"

"ባዶ አትተው ተብያለሁ። የመጀመሪያውን ወር እሑዶቹን ባዶ ትቼ ብልክ ቅጹ በቀይ ተከቦ ተመለሰልኝ። ከዚያ እንዲህ አደረግሁ።" ተነስተው ከአልጋው አንዱን ደብተር አመጡና ከፈቱላት። "ሄጄ ጠርሙሱ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ዜሮ ነጥብ ዜሮ እላለሁ። ሳልሄድ ስቀር ዜሮ ብቻ። ልዩነቱን የሚያውቁ መስሎኝ።"

ዶክተሯ ጣቷን በዓምዱ ላይ አወረደች። ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ከዚያ እሑድ ላይ ብቸኛ ዜሮ። ሌላ ደብተር አነሳች፤ ያው ነው። "ከተማ ያሉት ሲገለብጡት ሁሉንም አንድ አድርገውታል" አለች ለራሷ። "የእሑዱ ውሃስ? ደፉት?"

"ለምን ይደፋል? ጠርሙሱ ውስጥ ያድራል። አንገቱ ቀጭን ነው፣ ፀሐይ ብዙም አይጠጣውም። ሰኞ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እለካለሁ።"

ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። ቦአዱ የሚያደርጉትን አጥተው ደጅ ወጡ። ሐይቁ ፀጥ ብሏል። ከሩቅ ታኖ ሳንቃው ላይ ተኝቶ መረብ ይሰበስባል፤ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። ከኋላቸው "ናና፣ ይምጡ" ስትል ሰሙ።

"የሠላሳ አንዱን ዓመት ሰኞዎች ደመርኳቸው። የሰኞ ዝናብዎ ከሌላው ቀን እጥፍ ነው፤ ምንም ያህል አይዛነፍም። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚዋሽ ሰው ይህን አያስብም። የእያንዳንዱን ቀን ከባድ ዝናብ ለመቁጠር እሑድና ሰኞን አንጠቀምም፤ እሱ ጠፍቷል። የወርና የዓመቱ ድምር ግን ትክክል ነው። መዝገቡ አይጣልም።"

ቦአዱ ተቀመጡ። ማመስገን ፈልገው ነበር፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ረቡዕ ሳይጨርሱ የከደኑትን ደብተር አሰቡ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም፤ ዶክተሯ ኮምፒውተሯን እየዘጋች ነበር።

"አትዝጊው" አሉ። "አንድ ውሸት አለበት።"

ደብተሩን ከአልጋው ላይ አንስተው ገጹን ሳይፈልጉ ከፈቱት።

"ሚስቴ ስትሞት ሳምንቱን ሙሉ ላይኛው መንደር ነበርኩ። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ወርጄ መለኪያውን ስከፍት ጠርሙሱ ሞልቶ ነበር። ብለካው የስምንቱ ቀን ድምር ይገኝ ነበር። አልለካሁትም። መሬት ላይ ደፋሁት። በእርሱ ምክንያት ነው ለብቻዋ የተኛችው ብዬ... ቆርቆሮውን በእግሬ መታሁት። ማታ ላይ ግን ሣጥኖቹ ባዶ ሆነው ሳያቸው ፈራሁ። ሰማዩን እያስታወስኩ ስምንት ቁጥር ፈጠርኩ።"

ዶክተሯ ገጹን አየች። የተፈጠሩት ቁጥሮች ከሌሎቹ አይለዩም ነበር፤ ሦስት ነጥብ አራት፣ ዘጠኝ ነጥብ አንድ፣ እሑዷ እንኳ ዜሮዋን ይዛለች።

"ለምን ነገሩኝ? በፍጹም አላገኘውም ነበር።"

"ልጆች የሚማሩበት ቤት ይሠራበታል አልሽ።"

ስምንቱን ሣጥን አንድ በአንድ አጠፋች። "ከአስራ አንድ ሺህ ቀን ስምንት" አለች። ከዚያ እንደ ሳይንስ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ፣ "የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?" አለቻቸው።

"ኮናዱ።"

"የኮናዱን ነፍስ ይማር።"

ከዓመታት ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስሟን ሌላ ሰው ሲጠራው መስማታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ እርሷም ኮምፒውተሯን በመጠቅለል ረጅም ጊዜ ፈጀች።

ልትሄድ ስትል የውሃውን ጠርዝ አየችና አምስት እርምጃ ቆጠረች። ከታኖ ይልቅ እግሯ ረዥም ነበር። "ይህ መለኪያ ከመዋጡ በፊት ላይኛው መንደር ሌላ እንተክላለን" አለች። "ሁለቱን ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን ይለኳቸዋል፤ ውሃው ከቀደመን ደግሞ እስኪደርስ ላለው ጊዜ ብቻ። ያን ጊዜ የድሮውና የአዲሱ ቁጥር ይተዋወቃሉ። ከዚያ እዚህ መቆየት የለብዎትም።"

"ይህን ማድረግ ይቻል ነበር?" አሉ ቦአዱ ቀስ ብለው። "ከአስራ አራት ዓመት በፊት?"

ዶክተሯ መለሰች፤ አላባበለችም። "ይቻል ነበር፣ ናና። የነገረዎት ሰው አልነበረም።"

ያን ምሽት ሻማ አላበሩም። ይቻል ነበር። በየቀኑ ጠዋት ዳገቱን ወርዶ መውጣት ነበር፤ አንድ ዓመት ብቻ። ማንን ይከሱ? መለኪያውን የተከለው ሰው የነገራቸው እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ። እርሳቸውም አልጠየቁም። ብዙ ከቆዩ በኋላ ያጡትን ሳይሆን የተቀበሉትን መቁጠር ጀመሩ፤ ኮናዱ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ምሽት እንኳ በሯን ዘግታባቸው አታውቅም ነበር። እዚያ ላይ ሲደርሱ አለቀሱ፤ ከዚያም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አዲሱ መለኪያ በሁለተኛው ሳምንት ከጸሎት ቤቱ በስተጀርባ ተተከለ። ታኖ ጉድጓዱን ቆፈረ።

"በጉ ቀረብኝ" አለ አፈሩን በእግሩ እየጠቀጠቀ። "ሥጋ አምሮኝ ነበር።"

"ዓመቱ አላለቀም። ታችኛው ገና አለ" አሉ ቦአዱ።

"እንግዲያው ለሐይቁ መንፈስ እጸልያለሁ።"

"ለእግዚአብሔር ጸልይ።"

"እሱማ ካንተ ጋር ነው፤ በግ አይሰጠኝም።"

ላይኛው ቦታ የዳር መሬት ስላልሆነ የሐይቁ ዕረፍት አይመለከተውም። የቀረው ሰንበቱ ነበር። ቦአዱ ሰባኪውን ጠየቁት፤ ሰባኪው አገጩን ይዞ ካሰበ በኋላ፣ በጉ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣው ማን ነው ተብሏልና መለካቱ ኃጢአት አይደለም፣ ግን ከአምልኮው በፊት ይሁን አለ።

በመጀመሪያው እሑድ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ቦአዱ ነጭ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ዳገቱን ወጡ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠርሙሱን አወጡ። እጃቸው ለዚህ ቀን አልለመደም፤ ውሃውን ወደ ብርጭቆው ሲያንቆረቁሩ ሁለት ጊዜ ቆም አሉ። ሰባት ነጥብ ስድስት። በላይኛው ደብተር ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ። በታችኛው ደብተር፣ በእሑዱ ሣጥን ውስጥ፣ ዶክተሯ እንዳስተማረቻቸው "አልተለካም" ብለው ጻፉ።

ወደ ጸሎት ቤቱ የምትሄድ አንዲት ሴት፣ የኮናዱ እህት ጎረቤት፣ ጃንጥላዋን እያጠፈች ቆመች።

"ናና፣ ስንት ሆነ?"

"ሰባት ነጥብ ስድስት።"

"ይኸው ብቻ? እኔ ጣሪያዬ ሲንጫጫ ብዙ መስሎኝ ነበር" ብላ አለፈች።

ቦአዱ ብርጭቆውን በመሐረባቸው አደረቁ። ከውስጥ መዝሙሩ ተጀምሯል፤ ከታች ደግሞ ሐይቁ፣ የደረቁት ግንዶችና አንድ ጣሪያ ይታያሉ። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መልሰው ገቡ፤ ከኋላው ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ተጠጋግተው ቦታ ሰጧቸው።